ከክረምት ወደ ጥቢ፦ ውሻም ጓሮም ያለበት ግቢ በምን ቅደም ተከተል ይሰናዳል?

መስከረም በገባ ቁጥር ከጎረቤትም ከዘመድም ሁለት ዓይነት ስልክ ይደወልልኛል። አንዱ «ቲማቲሜ በሦስት ቀን ውስጥ እሳት እንደነካው ጠቆረ» ይላል። ሌላው «ውሻዬ ምግብ እምቢ አለ፣ ድዱም ነጣ» ይላል። ሁለተኛውን የሚደውለው ብዙ ጊዜ ያው የመጀመሪያው ሰው ነው።

ችግሩ ስንፍና አይደለም። ሰዉ ይሠራል፤ ግን ዝናቡ ጋብ ባለበት አንድ ቅዳሜ ሁሉንም በአንዴ ይሠራዋል፣ ያውም ከኋላ ወደ ፊት። መጀመሪያ መድኃኒት ይረጫል፣ ቀጥሎ ውሻውን ያጥባል፣ ሣሩን ለሚቀጥለው ሳምንት ያሳድረዋል። የታጠበው ውሻ መዥገር ወደሞላበት ሣር ይመለሳል፤ ሲመለስም የተረጨውን ቅጠል ይልሳል። ውሻውና ጓሮው አንድ ግቢ ውስጥ እስካሉ ድረስ ሥራቸው አንድ ነው።

ከዚህ በታች ያለው ለአዲስ አበባና እሷን ለሚመስል ደጋ ነው። አዳማ ወይም ሐዋሳ ያላችሁ ስለ ውርጭ የሚናገረውን የመጨረሻ ደረጃ እለፉት፤ የመዥገሩን ግን ዓመቱን ሙሉ ያዙት። ሱሉልታና ደብረ ብርሃን ያላችሁ ደግሞ ውርጩን ከእኛ ቀድማችሁ ጠብቁ።

ከመጀመራችሁ በፊት አዘጋጁ

- ማጭድ፣ ዶማ፣ አካፋ፣ የጎማ ጓንት፣ ቦት ጫማ
- ጫፉ ቀጭን የሆነ ወረንጦ፣ ጥርሱ የተጠጋጋ ማበጠሪያ፣ ክዳን ያለው ትንሽ ማሰሮ
- አሮጌ ፎጣ ሁለት፣ ደረቅ የጤፍ ጭድ አንድ ማዳበሪያ
- ንጹሕ ባዶ ማዳበሪያ ወይም አሮጌ አንሶላ (ለውርጭ)
- የአንድ የእንስሳት ሐኪም ስልክ፣ ማታም የሚያነሳ። ይህን ዛሬ ፈልጉ። ውሻው እየተንቀጠቀጠ ስልክ መፈለግ አይቻልም።

የውሻውን ክብደት ጻፉ። የሰው ሚዛን ላይ ብቻችሁን ቁሙ፣ ከዚያ ውሻውን ታቅፋችሁ ቁሙ፣ ቀንሱ። ማንኛውም መድኃኒት የሚታዘዘው በኪሎ ነው፤ «መካከለኛ ውሻ ነው» የሚባል መለኪያ የለም።

## ደረጃ 1፦ ውሃውን አስወጡ (ከጳጉሜን እስከ መስከረም 10)

1. አፈሩን ፈትኑ። ከ10 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት አንድ እፍኝ አውጡና ጨብጡት። ውሃ ካዠ ወይም እንደ ሊጥ ካብለጨለጨ ዶማውን መልሱ፤ ረግጣችሁ ብትቆፍሩት ሲደርቅ እንደ ጡብ ይሆናል። በጣት ሲነካ ፍርስ ካለ ቁፋሮ ጀምሩ። ቀይ አፈር ያላችሁ ጊዜ አላችሁ። ጥቁር አፈር ያላችሁ ግን በየሁለት ቀኑ ፈትኑ፤ ከጭቃነት ወደ ስንጥቃት የሚሄደው በጥቂት ቀናት ውስጥ ነው።

2. በመደቦቹ መካከል ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ቦይ ቅደዱ፣ ወደ ግቢው ዝቅተኛ ጥግ አዘንብሉት።

3. ለውሻው ደረቅ መንገድ ስጡት። ውሻ መደብ ላይ የሚሄደው ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ግቢው ውስጥ ደረቅ ሆኖ ከፍ ያለው ቦታ መደቡ ብቻ ስለሆነ ነው። ከበሩ እስከ ማደሪያው ጠጠር ወይም ገለባ አልብሱለት፣ ግማሽ ሜትር ስፋት ይበቃል። አጥር ከማጠር ይልቅ ይህ ብዙ ጎመን ያድናል።

4. የውሻውን ዓይነ ምድር በየቀኑ ልቀሙና ከአትክልቱ ርቃችሁ ቅበሩ። ወደ ኮምፖስቱ አትጨምሩት፤ በውስጡ ያሉት የትል ዕንቁላሎች በጓሮ ክምር ሙቀት አይሞቱም፣ በጥሬ ሰላጣ ላይ ሆነው ወደ ሰው ይመለሳሉ።

5. የመጨረሻውን ዝናብ በበርሜል ያዙ፤ የፈረቃ ውሃ ያለበት ሰፈር ለምን እንደሆነ አይጠይቅም። ክዳን ግን ይኑረው።

የችግኙን ላስቲክ ገና አትግፈፉ። እኔ አንድ ዓመት ጳጉሜን 5 ላይ ፀሐዩን አይቼ ገፈፍኩት። መስከረም 3 ከሰዓት በረዶ ጣለና አንድም የሰላጣ ችግኝ አልቀረልኝም። የመስከረም ፀሐይ ጠዋት ትስቃለች፤ ከሰዓት በኋላ ደመናው ይመጣል። ቀን ቀን ጎንና ጎኑን ክፈቱለት፣ ጣሪያውን እስከ መስቀል ተዉት።

## ደረጃ 2፦ ሣሩን እጨዱ፣ መርዛማውን ንቀሉ

መዥገር ውሻው ላይ አይፈለፈልም። ጠግባ የወደቀች እናት መዥገር በሺዎች የሚቆጠር ዕንቁላል የምትጥለው ሣር ሥር፣ ድንጋይ ሥርና ግድግዳ ስንጥቅ ውስጥ ነው። ስለዚህ ሣሩ ከውሻው ይቀድማል።

1. ውሻውን ቤት አስገቡ። ሣሩን ከአንድ ጣት ርዝመት ዝቅ አድርጋችሁ እጨዱ፣ በተለይ አጥር ሥርና ማደሪያው ዙሪያ።
2. ያጨዳችሁትን በዚያው ቀን አንሡ። የተቆለለ እርጥብ ሣር ለመዥገር ከቆመው ሣር ይሻለዋል።
3. ጨጎጊቱን ዘር ሳይዝ ንቀሉት። አደይ አበባውን ለበዓል ተዉት ብትሉ እኔም እስማማለሁ፤ ግን አበባው ሲረግፍ ከውሻው መተላለፊያ ላይ አንሡት። ደረቁ ዘር ጸጉር ውስጥ ይሰካል፣ ጆሮና የጣት መሐል ገብቶም ያቆስላል።
4. ጉሎ ካለ ፍሬው ሳይፈነዳ ቁረጡት። ጥቂት ፍሬ ያኘከ ውሻ ሊሞት ይችላል። አስተናግርንም እንዲሁ። ሁለቱም በክረምት ዝናብ ሳታውቋቸው በአጥር ጥግ የሚያድጉ ናቸው። በጓንት ንቀሉ።
5. የድንጋይና የቆርቆሮ ክምሩን አንሡ። አይጥ ዝናብ ሸሽቶ የሚሰፍረው እዚያ ነው። አይጥ ከሌለ የአይጥ መርዝም አያስፈልግም፤ ይህን አስታውሱ፣ በኋላ እመለስበታለሁ።

## ደረጃ 3፦ በዓላቱን በሰላም እለፉ (መስከረም 1፣ 16 እና 17)

ቀናቸው የተቆረጠ ስለሆነ ይህ ደረጃ እናንተን አይጠብቅም። ሌላው ሥራ ባያልቅም ይህን በቀኑ ሥሩ።

ዶሮ ወጥ። ሁለት ነገር አለው፤ ሁለቱም ለውሻ ጠላት ነው። የተቀቀለ የዶሮ አጥንት እንደ ስንጥር ይሰነጠቅና አንጀት ይወጋል። ወጡ ደግሞ ሽንኩርት ነው፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት፣ ጥሬም ሆነ የበሰለ፣ የውሻንና የድመትን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳሉ። ምልክቱ ከቀናት በኋላ ስለሚመጣ ማንም ከበዓሉ ጋር አያገናኘውም፤ ድዱ ይነጣል፣ ሽንቱ ይቀላል፣ ይደክማል። «ትንሽ ፍትፍት» የሚሰጡትን እንግዶች ጭምር አስጠንቅቁ። እማማ እምቢ ካሉ ያልተቀመመ የበሰለ ሥጋ በሌላ ሳህን አስቀምጡላቸው፣ ከዚያ ይስጡ።

የበጉ ጉበትና ሳንባ። ከሁሉም በላይ እዚህ ላይ ቆዩ። ጉበት ወይም ሳንባ ላይ ውሃ የቋጠረ ነጭ ከረጢት ካያችሁ፣ ያ የኮሶ ትል ዘመድ የሆነ ትል እጭ ነው። ውሻ ጥሬውን ከበላው ትሉ አንጀቱ ውስጥ ያድጋል፤ ዕንቁላሉ ከዓይነ ምድሩና ከጸጉሩ ወደ ልጆች እጅ ይሻገራል፤ በሰው ጉበትና ሳንባ ውስጥ ተመሳሳይ ከረጢት ይሠራል። ስለዚህ፦

- ከረጢት ያለበትን አትጣሉ፣ ለጎረቤት ውሻም አትወርውሩ። አቃጥሉት፣ ወይም ውሻ ቆፍሮ በማያወጣው ጥልቀት ቅበሩትና ድንጋይ ጫኑበት።
- ንጹሕ የሚመስለውንም ለውሻ ከመስጠታችሁ በፊት ቢያንስ 40 ደቂቃ ቀቅሉት።
- ውሻው ጥሬ ከበላ ለሐኪሙ ንገሩና የኮሶ ዓይነቱን ትል የሚገድል መድኃኒት (ፕራዚኳንቴል) በኪሎው ልክ ያዝለት። ተራ የሆድ ትል ክኒን ሁሉ ይህን ትል አይገድልም።

የጠላ አተላ። ጓሮ አትድፉ። አልኮል አለው፣ ሆድ ውስጥም መፍላቱን ይቀጥላል።

ርችትና ደመራ። ውሻ ግድግዳ ዘሎ የሚጠፋው በእነዚህ ምሽቶች ነው።

1. ከሰዓት 9 ሰዓት ላይ አድክማችሁ አስኪዱት፣ 11 ሰዓት ላይ አብሉት።
2. ከ12 ሰዓት በፊት መስኮቱ የተዘጋ ክፍል አስገቡት፣ ራዲዮ ክፈቱለት። በሰንሰለት አትሰሩት፤ ደንግጦ ሲዘል ራሱን ያንቃል።
3. አንገቱ ላይ የእናንተ ስልክ የተጻፈበት ማሰሪያ ይኑር።
4. ከተሸሸገ ከአልጋ ሥር ጎትታችሁ አታውጡት።

*ከጠፋ፦* በዚያው ሌሊት ፈልጉት፤ በከተማው ዳርቻ ጅብ አለ። ሲመለስ ንክሻ ካለበት በጓንት በሳሙናና በብዙ ውሃ እጠቡት፣ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱ መቼ እንደሆነ አይታችሁ በማግስቱ ሐኪም ዘንድ ውሰዱት። ሰው ከነከሰ ደግሞ ቁስሉ 15 ደቂቃ በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ይታጠብና ሰውየው ወዲያው ጤና ጣቢያ ይሂድ።

## ደረጃ 4፦ መዥገርና ቁንጫ

ሣሩ ከታጨደ ከ2 ወይም ከ3 ቀን በኋላ ጀምሩ።

1. ሰዓት ምረጡ። ከጠዋቱ 4 እስከ 6 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ፀሐይ ባለበት። ከ8 ሰዓት በኋላ ውሻ አትጠቡ፤ የጥቢ ምሽት ቀዝቃዛ ነው፣ ወፍራም ጸጉር ያለው ውሻ ደግሞ ከሥሩ ለመድረቅ ሰዓታት ይፈጃል። እርጥቡ ሲታፈን ቆዳው ይቆስላል፣ ይሸታል።

2. ፈልጉ። የጆሮ ውስጥና ከጆሮ ጀርባ፣ አንገት በማሰሪያው ሥር፣ ብብት፣ የጣቶች መሐል፣ ከጅራት ሥር። ጸጉሩን ወደ ኋላ እየገፋችሁ በጣት ዳስሱ።

3. ንቀሉ። በወረንጦው ጫፍ መዥገሩን ከቆዳው ጋር በጣም አስጠግታችሁ ያዙ፣ ሆዱን አትጭመቁ። ሳታጣምሙ ቀጥ አድርጋችሁ በዝግታ ሳቡ። ማሰሮው ውስጥ ባለ አልኮል ውስጥ ጣሉት። በጥፍር አታፍርጡት።

   *አፉ ቆዳ ውስጥ ቢቀርስ?* አትቆፍሩ። በሳሙና እጠቡና ተዉት፤ ቆዳው ራሱ ይገፋዋል። ካበጠ ወይም መግል ከያዘ ሐኪም ይየው።

   *ነጭ ጋዝ፣ ቤንዚን፣ የሚነድ ክብሪት?* በፍጹም። መዥገሩ ሲጨነቅ ሆዱ ውስጥ ያለውን ወደ ቁስሉ ሊተፋ ይችላል፤ ጋዙ ደግሞ ቆዳ ያቃጥላል፣ ውሻው ልሶት ይመረዛል።

4. እጠቡ፣ አድርቁ። ሳሙና መዥገር አይገድልም፤ ቁንጫ ግን ያራግፋል። በፎጣ አሽታችሁ፣ የጣቶቹን መሐል ለየብቻ አድርቁ።

5. 2 ቀን ጠብቁ፣ ከዚያ የመዥገርና የቁንጫ መድኃኒቱን አድርጉ። አንገት ላይ የሚንጠባጠበው ዓይነት በቆዳው ቅባት ላይ ስለሚሰራጭ፣ ከታጠበ ከ2 ቀን በኋላ ይደረጋል፤ ከተደረገም በኋላ 2 ቀን አይታጠብም። ጸጉሩን ከፍላችሁ ቆዳው ላይ አንጠባጥቡ፣ ምላሱ በማይደርስበት በትከሻው መሐል። ከ8 ሳምንት በታች ለሆነ ቡችላ በወረንጦ ብቻ ልቀሙ።

6. ከ3 ሳምንት በኋላ እንደገና ፈትሹ። በመጀመሪያው ቀን ያልሞተው ዕንቁላል ያን ጊዜ ተፈልፍሏል። «መድኃኒቱ አልሠራም» የሚባለው አብዛኛው ቅሬታ ይሄ ነው።

ሦስት ከባድ ማስጠንቀቂያ

የከብትና የበግ መዥገር የሚታጠብበትን ዲያዚኖን ውሻ ላይ አታፍስሱ። «ገጠር እንዲህ ነው የምናደርገው» የሚል ሰው አይጠፋም፤ የሞቱበትን ግን አይቆጥርም። ውሻ ራሱን ይልሳል፣ በግ አይልስም።

የአይቨርሜክቲን (የትልና የተባይ መድኃኒት) መርፌ በግምት አትውጉ፣ አታስወጉ። ለከብት የተዘጋጀው በጣም ብርቱ ነው፤ ጥቂት ጠብታ መብለጡ ነርቭ ይመታል።

ለውሻ የተሠራ መድኃኒት ድመት አይንካ። ፐርሜትሪን የሚባለው ንጥረ ነገር ድመትን አንቀጥቅጦ ይገድላል። ውሻና ድመት አብረው የሚተኙ ከሆነ የውሻው እስኪደርቅ ለዩዋቸው።

*መቼ ወደ ሐኪም?* መዥገር ከነቀላችሁበት ቀን ጀምሮ ባሉት ሦስት ሳምንታት ውስጥ ትኩሳት፣ ምግብ እምቢታ፣ የነጣ ድድ፣ ነስር፣ ወይም ሆዱ ላይ ትንንሽ የደም ነጠብጣብ ካያችሁ በዚያው ቀን። ቀድሞ የተያዘ የመዥገር በሽታ በመድኃኒት ይድናል፤ የዘገየው ደም ያሳጣል።

አቧራው ሲጀምር፣ ከጥቅምት በኋላ፣ የእግሩን መዳፍ ለሙጀሌ ፈትሹ። የሚያነክስ ውሻ ሁሉ እሾህ የወጋው አይደለም።

## ደረጃ 5፦ ማደሪያውን ለቀንና ለሌሊት አመቻቹ

በዚህ ወቅት ቀኑ ይሞቃል፣ ሌሊቱ ይበርዳል። የቆርቆሮ ቤት ሁለቱንም ያባብሳል፤ ቀን ይጠብሳል፣ ሌሊት ከጣሪያው ላብ ያንጠባጥባል።

1. ያለውን ምንጣፍና ጨርቅ አውጡ። ክረምቱን የታፈነ ጨርቅ የቁንጫ ቤት ነው፤ ቀቅላችሁ ፀሐይ ላይ አስጡት ወይም አቃጥሉት።
2. ቤቱን ገልብጡ። ስንጥቆቹ ውስጥ የፈላ ውሃ አፍስሱ፣ ሙሉ ቀን ፀሐይ ላይ ተዉት።
3. በአራት ብሎኬት ላይ አስቀምጡት፤ ወለሉ መሬት አይንካ።
4. የቆርቆሮውን ውስጥ በካርቶን ሳይሆን በኮምፐንሳቶ ልበዱት። ካርቶን በአንድ ሳምንት እርጥብ ይጠጣል።
5. ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ ለማወቅ አንድ ቁራጭ ፌስታል እንጨት ላይ አስራችሁ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ እዩት። በሩ ለነፋሱ ጀርባውን ይስጥ።
6. ብርድ ልብስ ሳይሆን ጭድ አንጥፉ፣ አንድ ስንዝር ውፍረት። ጨርቅ የውሻውን እርጥበት ይዞ ያድራል፤ ጭድ ያሳልፋል። በየሁለት ሳምንቱ ቀይሩት፣ ከቁንጫ ጋር ስለሚወጣ ከአትክልቱ ርቃችሁ ቅበሩት።

ቤቱ ከውሻው ብዙ አይብለጥ። ገብቶ የሚዞርበትና ተጠቅልሎ የሚተኛበት ይበቃዋል፤ ሰፊ ቤት በትንፋሹ አይሞቅለትም።

## ደረጃ 6፦ አሁን ወደ አትክልቱ

የቲማቲምና የድንች ምች። ቅዝቃዜ፣ ጭጋግና ያልደረቀ ቅጠል ሲገናኙ ይነሣል። ቅጠሉ ጠርዝ ላይ ውሃ የጠጣ የሚመስል ጥቁር ቡናማ ነጥብ ይወጣል። ጠዋት ቅጠሉን ገልብጡት፤ ዳር ዳሩን ነጭ ጸጉር የመሰለ ሻጋታ ካለ እርሱ ነው።

1. ጤዛው በደረቀበት ሰዓት፣ ከ5 ሰዓት በኋላ ግቡ። በእርጥቡ ብትገቡ በልብሳችሁ ታዛምቱታላችሁ።
2. ጥቂት ቅጠል ከሆነ ቅጠሉን፣ ግንዱ ከጠቆረ ተክሉን ሙሉ ማዳበሪያ ውስጥ ጨምሩ። ቅበሩት፤ ኮምፖስት ላይ አይጣል።
3. ድንች ከሆነ ግንዱን ከመሬት ቆርጣችሁ አንሡ፣ ድንቹን ግን ለ2 ሳምንት አትቆፍሩ። ልጣጩ ይጠነክራል፣ ላዩ ላይ የቀረው የበሽታ ዘርም ይሞታል።
4. ከታች ያሉትን የቲማቲም ቅጠሎች እስከ አንድ ስንዝር ከፍታ አንሡ፣ ተክሉን በእንጨት ደግፉ፤ አየር ይግባ።
5. መድኃኒት ካስፈለገ፦ ማንኮዜብ ጤነኛውን ቅጠል ይጠብቃል፣ የታመመውን አያድንም። ሪዶሚል ወደ ተክሉ ውስጥ ይገባል፤ ግን ደጋግመው ብቻውን ሲረጩት በሽታው ይለምደዋል። መጠኑንና ከመልቀም በፊት የሚጠበቀውን ቀን ከእሽጉ ላይ አንብቡ። እሽጉ ተቀዶ በፌስታል የተቋጠረ «መድኃኒት» አትግዙ።

በምትረጩበት ቀን የውሻውን የውሃ ሳህን አንሡ፣ እንስሳቱን ቤት አስገቡ፣ እስከ ማግስቱ ጠዋት አታውጡ። የረጫችሁበትን ዕቃ የታጠበበት ውሃ ቦይ ውስጥ አይፍሰስ፤ ውሻው ከዚያ ይጠጣል።

የጎመን ክሽክሽ (ቅጠል የሚመጥ ጥቃቅን ተባይ)። ዝናብ እየመታ ሲያራግፈው ከርሟል፤ ዝናቡ ሲቆም ይባዛል። በ1 ሊትር ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በጥብጡ፣ ጠዋት በማለዳ ከቅጠሉ ሥር ርጩ፣ ከረጫችሁ ሁለት ሰዓት ሲሞላው በንጹሕ ውሃ አለቅልቁ። በ4ኛው ቀን ድገሙ። የልብስ ዱቄት ሳሙና አትጠቀሙ፤ ቅጠል ያቃጥላል። ለዚህ ነገር የፋብሪካ መርዝ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው።

ቀንድ አውጣ። ማታ በባትሪ ልቀሙት። እርጥብ ጣውላ መደቡ ዳር አጋድሙና ጠዋት ገልብጣችሁ ሰብስቡ። አመድ የሚሠራው ደረቅ እስከሆነ ድረስ ብቻ ነው። የቀንድ አውጣ መርዝ እንክብል (ሜታልዴሃይድ) ውሻ ባለበት ግቢ አይግባ፤ ስለሚጣፍጣቸው ይፈልጉታል፣ በሰዓታት ውስጥ ያንቀጠቅጣቸዋል።

ድመት መደቡን መጸዳጃ ካደረገው አትቆጡ፤ የምትፈልገው የተቆፈረ ለስላሳ አፈር ነው። ችግኙ እስኪለመልም ጭራሮ ጥቅጥቅ አድርጋችሁ ሰኩበት፣ በሌላ ጥግ ደግሞ አሸዋ አኑሩላት።

### እንስሳው መርዝ ከቀመሰ

ምራቅ ማዝረክረክ፣ መንቀጥቀጥ፣ ማስመለስ፣ መንገዳገድ ካያችሁ፦

1. ከቦታው አርቁት። እሽጉን ወይም የበላውን ትርፍ ያዙ።
2. ቆዳው ላይ ከሆነ ጓንት አድርጋችሁ በሳሙና እጠቡት።
3. ለሐኪሙ ደውሉ፤ ምን፣ ስንት፣ መቼ እና የውሻውን ኪሎ ተናገሩ። (ኪሎውን ጽፋችኋል።)
4. ወተት፣ ዘይት፣ የጨው ውሃ፣ ሎሚ አታጠጡ። ወተት የመርዝ ማርከሻ አይደለም። ለሚንቀጠቀጥ እንስሳ የሚሰጥ ፈሳሽ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል።
5. ሐኪም ሳያዝ አታስመልሱት፤ ነጭ ጋዝ ወይም ቤንዚን ከሆነ በፍጹም።

የአይጥ መርዝ የበላ ውሻ በዚያው ቀን ደህና ሊመስል ይችላል። ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው ዓይነት ምልክቱን የሚያሳየው ከ3 እስከ 5 ቀን ቆይቶ ነው፤ የድድ መድማት፣ ሳል፣ ድካም። ማርከሻው ቫይታሚን ኬ ነው፤ ይበልጥ የሚረዳው ግን ደም ሳይፈስ ከተጀመረ ነው። «በልቶ ምንም አልሆነም» ብላችሁ አትተኙ።

## ደረጃ 7፦ ውሃ ማጠጣትን ቀስ ብላችሁ ጀምሩ

ክረምቱን ሙሉ ውሃው ላይ ላዩን ስለነበር ሥሩም ላይ ላዩን ነው። ዝናቡ በድንገት ሲቆም ሁለት ዓይነት ሰው ይሳሳታል፤ አንዱ «አፈሩ ገና እርጥብ ነው» ብሎ ይረሳል፣ ሌላው በየቀኑ ማታ ማታ ይረጫል። ሁለተኛው ይብሳል፤ ሥሩን ሰነፍ ያደርጋል፣ ቅጠሉን እርጥብ አሳድሮ ምቹን ይጋብዛል።

ጣታችሁን እስከ ሁለተኛው አንጓ አፈሩ ውስጥ ስደዱ። ደረቅ ከሆነ ብቻ ለአንድ ካሬ ሜትር አንድ ባለ 10 ሊትር ባልዲ፣ ከሥር ከሥሩ፣ ከ12 እስከ 2 ሰዓት ጠዋት። ከዚያ 3 ቀን ያህል ተዉት፣ ደግሞ በጣት ፈትኑ። አፈሩ ሞቅ ሲል ገለባ አልብሱት፣ ግን ግንዱን አያስነካ።

*ቀትር ላይ ጠውልጎ ማታ ቀና ካለ* ውሃ አትጨምሩ፤ ከፀሐዩ ነው። *ጠዋትም ጠውልጎ ከተገኘና አፈሩ እርጥብ ከሆነ* ሥሩ በስብሷል፤ ነቅላችሁ እዩት፣ ቡናማና ለስላሳ ከሆነ በዚያ ቦታ ሌላ ዓይነት ተክል አስገቡ።

የውሻውን ውሃ በቀን ሁለት ጊዜ ቀይሩ። ክረምቱን ከኩሬ ሲጠጣ ስለነበር ሳህኑን ረስታችሁታል።

## ደረጃ 8፦ ውርጭ (ከጥቅምት አጋማሽ ጀምሮ)

ውርጭ የሚወርደው ሰማዩ ጠርቶ ነፋስ በሌለበት ሌሊት ነው። ቀዝቃዛ አየር እንደ ውሃ ወደ ታች ይፈስሳል፤ ግቢያችሁ ተዳፋት ላይ ከሆነ የታችኛው አጥር ሥር ያለው መደብ ይመታል፣ ከላይ ያለው ይድናል። የአየር ትንበያው 4 ዲግሪ ቢልም አትዘናጉ፤ የሚለካው ከመሬት ከፍ ብሎ ነው፣ መሬቱ ራሱ ከዚያ በታች ይቀዘቅዛል።

1. የሚሸፈኑት ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ በሶብላ፣ ዱባ፣ ድንችና የአቮካዶ ችግኝ ናቸው። ጎመን፣ ቆስጣ፣ ካሮት፣ ነጭ ሽንኩርት ይቋቋማሉ፤ ጊዜያችሁን አታባክኑባቸው።
2. ከዋዜማው ጠዋት መሬቱን አጠጡ። እርጥብ አፈር የቀኑን ሙቀት ይዞ ያድራል።
3. ከምሽቱ 12 ሰዓት በፊት ሸፍኑ፤ ከመሸ በኋላ የሚሸፈነው ቅዝቃዜውን ነው። ማዳበሪያው ቅጠሉን እንዳይነካ አራት እንጨት ትከሉ፣ ጫፉን እስከ መሬት አውርዱ።
4. ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ግለጡ።
5. ማሰሮ ውስጥ ያለውን ተክል ከግድግዳ አስጠጉ። አሮጊት ወይም የታመመ ውሻም እንዲሁ፤ በነዚህ ሌሊቶች ቤት ይደር።

*ከመታው፦* የጠቆረውን ቅጠል አትቁረጡ። አስቀያሚ ነው፣ ግን ከሥሩ ያለውን እምቡጥ ለሚቀጥለው ሌሊት ይሸፍናል። ሁለት ሳምንት ጠብቃችሁ፣ አዲስ ቡቃያ ከወጣበት በላይ ቁረጡ። ዩሪያ አትጨምሩ፤ ለስላሳ ቅጠል አብቅሎ ለሌላ ውርጭ ያቀርበዋል።

ኅዳር 12 ቆሻሻው ሲቃጠልና ሰፈሩ ሲታጠን፣ ውሻውንና ድመቷን ከጠዋቱ ጀምሮ ጭሱ በማይደርስበት ክፍል ዝጉባቸው። ፕላስቲክ፣ ባትሪና የመድኃኒት እሽግ እሳቱ ውስጥ አይግባ። ከዚያ እሳት የወጣውን አመድም መደብ ላይ አትበትኑ፤ ለጓሮ የሚሆነው የምድጃችሁ የንጹሕ እንጨት አመድ ብቻ ነው።